ስም አይባክንም

ሲንት አናላንድ፣ ሆላንድ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1995

ውድ ልጄ ሚና፣

እንደምን ከረማችሁ? ሌንደርት እንዴት ነው? ልጆቹስ፣ ላሞቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ስሄድ ይተወኛል፣ ስቀመጥ ይነሳብኛል። ስለዚህ መቀመጥ ትቻለሁ። ይህንንም የምጽፈው የመስኮቱ ደፍ ላይ ቆሜ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ ለመዘግየቴ ይቅርታ። ምክንያት ልፈልግ ነበር፣ አላገኘሁም።

ስለ ትንሿ ኮባ ጣቶች በጣም አዝኛለሁ። የሁለት ዓመት ሕፃን አጥንት ግን ቶሎ ይገጥማል፤ የወንድምሽን የዊምን ክንድ አታስታውሺም? ታኔከ የወተት ቤቱን በር ሆን ብላ ነው የዘጋችባት ወይስ ሳታያት ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ በምን አውቃለሁ? ያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ አፏን ገና አልፈታችም፣ ሌላዋ አፏን ዘግታለች። ዘጠኝ ዓመት ኮሎምቢያ በማን እጅ እንዳደገች የማናውቃት ልጅ በአምስት ወር የናንተ ሆና እንድትገኝ አትጠብቂ። ስድስቱ ቶሎ ለመዱልሽ ማለት ሰባተኛዋም እንደነሱ ናት ማለት አይደለም።

ልጅቷን ላመጣላችሁ የጉዲፈቻ ማኅበር ገና አትጻፊ። ሌንደርትም አይደውል።

በላክሁልሽ የልብስ ሣጥን ውስጥ ስላገኘሽው፣ ስምሽ ስለተጠለፈበት የውስጥ ቀሚስ፦ የአያትሽ የያኮሚና ይሆናል። አንቺ በእሷ ስም የተሰየምሽ ነሽና ፊደሉ አንድ ነው። አሮጌ ጨርቅ ነው፣ መወልወያ አድርጊው።

ዛሬ ነፋስ አለ። ቀኑን ሙሉ የግቢውን በር እያንኳኳ ሰው የመጣ ያስመስለዋል።

እናትሽ

*

ሌምቪ አጠገብ፣ ዴንማርክ
ፌብሩዋሪ 27

እማዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? በስልክ ላናግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን ስልካችን ያለው ወጥ ቤት ነው፣ ወጥ ቤታችን ደግሞ አሥራ አራት ጆሮ አለው። ስለዚህ የከብቶቹ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ እጽፋለሁ።

የውስጥ ቀሚሱ የአያቴ ሊሆን አይችልም። የሰባት ዓመት ልጅ ልክ ነው። በቀይ ክር «ያ.ክ. 1968» ተብሎ ተጠልፎበታል፤ ጥልፉም የእርስዎ ነው። የእርስዎን ስምንት ቁጥር ከሺህ መካከል እለየዋለሁ፣ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔ ከሴኡል የመጣሁት በ1971 ነው። አራት ዓመቴ ነበር። ታዲያ በ1968 የሰባት ዓመቷ ያኮሚና ክዊስት ማን ነበረች?

እዚህ ነገሩ አልተሻለም። ማክሰኞ ዕለት ታኔከ የጥጃዎቹን በረት ከፍታ አሥራ አራቱንም ወደ መንገድ ለቀቀቻቸው። ሌንደርት ግማሽ ቀን ሲያባርር ውሎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና፣ ሙሴም ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጠዋት አላወጣም አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ማታ ከራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን አነበበና እንደ አባባ፣ ልጆቹ ማዳመጣቸውን ለማወቅ፣ የመጨረሻው ቃል ምን ነበር እያለ በየተራ ጠየቀ። እሷ ጋ ሲደርስ፦

«አሜን» አለችው።

«አሜን ገና አላልኩም።»

«እንግዲያው በለውና እንነሳ።»

ትልቁ ልጃችንን ዮስትን ውሃ ትን አለው። እኔም ፊቴን በናፕኪን ሸፈንኩ። የምወዳት ለእንዲህ ላለው ነገር ነው፣ እማዬ። ግን ኮባ አሁን እሷን ስታይ ጠረጴዛ ስር ትገባለች። ሌንደርት ለማኅበሩ ደውሏል። ኦርሁስ ከተማ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት አስተማሪዎች አሉ፤ ብቻዋን ብትሆን ይሻላታል ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 22፣ መጥተው ሊወስዷት ተስማምተዋል። እኔ እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም።

እርስዎ አሥራ አንድ ልጅ አሳድገው አንድም አልሰደዱም። እንዴት አደረጉት? የሚያውቁትን ይንገሩኝ፤ እኔ ጨርሻለሁ።

ሚና

*

ሲንት አናላንድ
ማርች 9

ውድ ሚና፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን ባልቀድደው ይቅር በዪኝ።

ለታኔከ ሥራ ስጫት። በሩን የምትከፍት ልጅ የበሩ አለቃ ትሁን፤ ጠዋት በረቱን እሷ ትክፈት፣ ማታ እሷ ትዝጋ። ወንድምሽ አድሪ ከሃይቲ የመጣ ሰሞን የቤቱን መክፈቻ ሁሉ እየሰበሰበ ጫማው ውስጥ ይደብቅ አልነበር? አባትሽ የድንች መጋዘኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አሰረለትና ተገላገልን። ይህንን ለኮባም ንገሪያት፣ ሕፃን አይሰማም አትበዪ። ምሳ ላይ ሁለቱን አታራርቂያቸው። በቤተ ክርስቲያንም ታኔከን ጫፍ ላይ፣ ሰው ሳይዘጋባት አስቀምጫት። በመዝሙሩ ጊዜ ከረሜላ ስጫት፣ ስብከቱ ሳይጀመር አትጨርሺው ብቻ።

ይኸው ምክር ጻፍኩ። ምክር ሲጽፉት ቀላል ነው።

ኤፕሪል 22 ቅርብ ነው። ወደ ሜይ መጨረሻ ይግፉልሽ። ሰዎቹ አስተማሪዎች ከሆኑ የትምህርቱ ዓመት እስኪያልቅ ቢጠብቁ አይከፋቸውም። ሌንደርትን የአማትህ ልመና ነው በዪው።

ስለ ቀሚሱ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አሁን ሽንኩርቱን የሚጭነው መኪና መጥቷል።

እናትሽ

*

ማርች 20

እማዬ፣

ሽንኩርት የሚጫነው በሴፕቴምበር ነው። እኔ የደሴታችሁ የቶለን ልጅ መሆኔን ረሱት?

አክስቴን ማትየን በስልክ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከዚያ «እናትሽን ጠይቂ፣ እኔ ምንም አላልኩም» ብላ ዘጋችው። አክስቴ ማትየ ዝም ስትል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

የበሩን ነገር ሞከርነው። ለአራት ቀን ከዘበኛ በላይ ሆነች። በአምስተኛው ቀን ዮስት ቀድሟት ከፈተና በባልዲ ግንባሩን መታችው። ሦስት ስፌት። ሰዎቹም ቀኑን አልገፉልንም፤ ያው ኤፕሪል 22 ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እሁድ በር ላይ አቁመው «የተባረከ ቤት» ይሉኛል። የዮስትን ግንባር አይተው «ላም ረገጠህ?» ይሉታል፤ እሱም «አዎ» ይላል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ታኔከ ሳትመጣ ሕፃን ጠይቀን ነበር፤ አሁን ተገኝታለች፣ ስድስት ወሯ ነው፤ ፈቃዷ ተጠናቅቆ በበጋ ትደርሳለች። ታኔከን በሌንደርት እናት ስም እንደሰየምናት ያውቃሉ። አማቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የስሟን ወራሽ ፎቶ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላ ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች። አሁን ልጅቷ ከሄደች ምን ልንላት ነው ብዬ ሌንደርትን ጠየቅሁት። እሱም እህል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ስም አይባክንም፣ ለሕፃኗ እንሰጠዋለን፣ እናቴም አይኗ ስለደከመ ፎቶውን አትለየውም አለ። ክፋት የለበትም፤ እርስዎ ያውቁታል። እኔም ነገሩ የሚሆን መሰለኝ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያንን ቀሚስ እያወጣሁ አየዋለሁ።

ይጻፉልኝ። ስለ ሽንኩርት አይሁን።

ሚና

*

ሲንት አናላንድ
ማርች 28

ሚና፣

ተቀምጫለሁ።

በ1968 ሴፕቴምበር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከግሪክ አገር፣ ከተሰሎንቄ ከሕፃናት ማሳደጊያ መጣችልን። ያኔ ሦስት የወለድናቸው ወንዶች ነበሩን። ሴት ስለሆነች በአባትሽ እናት ስም ያኮሚና አልናት፤ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ የባልን እናት ስም እንደምትይዝ ታውቂያለሽ። የመጣችበትን ስም ወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ አንብቤ አጠፍኩት።

የተዘጋ በር አትችልም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲዘጋ ቆማ ትጮኻለች። ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጥተው ተቀመጡ፣ በትሕትና ነበር የተናገሩት። በሳምንት ሁለቴ ወደ ወደቡ ትሮጣለች፣ አሳ አጥማጆቹ በእጇ ይዘው ይመልሷታል። የዊምን ፊት በጥፍሯ ቧጨረች። ምግብ ትደብቃለች፣ ማታ ከአልጋዋ ስር አይብ አወጣለሁ። ስምንት ወር ሆነ። ደከመኝ። ይህ ብቻ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ ስፈልግለት ኖሬ አላገኘሁም።

ሁላችሁም ልጅቷ ከቤታችን የሄደችበት ወሬ ቢደርሳችሁ ያደረገው አባታችሁ ነው ትላላችሁ። መንደሩም እንደዚያ ነው የሚያውቀው። አባትሽ አንድ ክረምት እንጨምርላት ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ ነኝ «ወይ እሷ ወይ እኔ» ያልኩት። በጁን ራሱ ወስዶ ኦፈርአይሰል ለሚኖሩ የቄሱ ዘመዶች ሰጣት። ተመልሶ ሲመጣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ድንች ሊለይ መጋዘን ገባ። ለሽማግሌዎቹም «ውሳኔው የኔ ነው» አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ዝም አልኩ። አባትሽ ማሪኑስ እስኪሞት ድረስ ሰዎች በዚያ ነገር ጎሪጥ ሲያዩት ዝም አልኩ። ቀብሩም ላይ ዝም አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንቺ መጣሽ። አማቴ ስሟን የሚይዝላት እንደገና አጥታ ነበር፣ ስም አይባክንም አለች እሷም፣ ልክ እንደ ሌንደርት። ስሙ ነበር፣ አልጋው ነበር፣ ልብሱም ነበር። ሰው ከተነሳበት ወንበር ሙቀቱ ሳይጠፋ እንደሚቀመጡ ሁሉ አስቀመጥንሽ። የመጽሐፍ ቅዱሱ የፊት ገጽ ላይ የልጆቻችን ስም ሲጻፍ ያኮሚና አንድ ብቻ ናት።

አንቺን ግን በተውሶ አልወደድኩሽም። ይህን ብታምኚኝም ባታምኚኝም እጽፈዋለሁ።

የት እንዳለች አላውቅም ብዬ ልጨርስ ነበር። አውቃለሁ። አግብታ ኦመን አጠገብ ትኖራለች። አድራሻዋ ማንም በማይከፍተው ወፍራም የስብከት መጽሐፍ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል።

ታኔከን አትላኪያት። አልችልም ካልሽ፣ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ በታች ነኝ። ግን ከላክሻት ስሟን ገፈሽ ለሌላ አታልብሺ።

ይህን ሁሉ በማርች መጀመሪያ ልጽፍልሽ እችል ነበር። አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው።

ፒተርኔላ፣ እናትሽ

*

ሲንት አናላንድ
ኤፕሪል 12

ሚና፣

መልስ አልላክሽም፤ መጠየቄም አይደለም።

በቀን ሦስቴ ወደ ደብዳቤ ሣጥኑ እሄዳለሁ። ዛሬ ፖስተኛው ከሩቅ አይቶኝ «ወይዘሮ ክዊስት፣ እኔ ሥራዬ ማምጣት ብቻ ነው፣ ደብዳቤውን አልጽፈውም እኮ» አለኝ። ከዚያ በግድቡ ላይ እስከ ጀልባዎቹ ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ጎረቤቴ የጠፋ ውሻ የምፈልግ መስሏት ልትረዳኝ ወጣች።

ከስድስተኛ ክፍል ነው ከትምህርት የወጣሁት፤ አባትሽ ካረፈ ወዲህ ግን የመጻሕፍት መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ኃጢአትን ስለ መናዘዝ ብዙ ተጽፏል። በማግስቱ ሰው ምን እየሠራ እንደሚውል የጻፈ አላገኘሁም።

ለዚያ ቅዳሜ አሥር ቀን ነው የቀረው። የምትወስኚውን ወስኚ፤ እኔ ሰበብ እንዳልሆንብሽ። ኮባ ጣቷ ዳነ?

እናትሽ

*

ኤፕሪል 26

እማዬ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ደብዳቤዎን የወተት ቤት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቤ ስጽፍልዎ ከረምኩ፤ የጻፍኩት ሁሉ የሚላክ አልነበረም። አንዱን ብቻ ልንገርዎ። ከመጣሁ ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ዊም ምግብ ላይ በሹካው ወደ እኔ እያመለከተ አባባን «ይቺኛዋስ ትቆያለች?» አለው። ሁላችሁም አፉን አስያዛችሁት። እኔ ቋንቋውን ያኔ በደንብ አውቅ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ መቆየት እንደ ፈተና የሚያልፉት ነገር ነው ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት። በመንደሩ ሁሉ የክዊስቶች ጨዋ ልጅ የተባልኩት በዚያ ነው። ሰባት ልጅም የሰበሰብኩት በዚያ ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። አላውቅም። እርስዎም አይመልሱልኝ።

ዓርብ ደብዳቤዎን ለሌንደርት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። የታኔከ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «እናቴን ምን እላታለሁ?» አለ።

«እናትህ በሕይወት አለች፤ ስሟን ራሷ ትጠቀምበት» አልኩት።

ሰዎቹ ቅዳሜ በቀጠሯቸው መጡ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አሻንጉሊት ይዘው ነበር። ልጅቷን እንደማንሰጥ በር ላይ ነገርናቸው። ሚስትየዋ አሻንጉሊቱን ከእጇ የት እንደምታደርገው ጠፋት። እማዬ፣ እኔም አሁን ይቅርታ የምጽፍላት ሰው አለችኝ።

ምሳ ላይ ልጅቷን በሁሉም ፊት ስምሽ ማነው አልኳት። የማሾፍ መስሏት ተኮሳተረች። እኛ ጋ ከመምጣትሽ በፊት ማለቴ ነው አልኳት። «ዮርላዲስ።» ልጆቹ ሁሉ በየተራ ሞከሩት። ዮስት ሲለው እንደ መድኃኒት ስም ሆነበትና «ላሞቹ ከአንተ ይሻላሉ» አለችው። እሱም «ላሞቹን በባልዲ አልመታሻቸውማ» አላት። ሳቀች። ለአንድ ምሳ ያህል ነው፣ ተአምር አይምሰልዎ። ሰኞ ዕለት እጄን ነክሳኛለች፣ አሁንም ብዕሩን ስይዝ ያመኛል። ኮባም ገና ጠረጴዛ ስር ናት። ሌንደርት የወተት ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ጣለው፤ የወተት ንጽሕና ተቆጣጣሪው ሲመጣ ያልቅልናል።

ትቆያለች። በበጋ ለምትመጣውም ስም አላዘጋጀንም፣ ይዛ ትምጣ።

እኔ ግን ስሜን አልመልስም። ሃያ አራት ዓመት የለበስኩት የኔ ነው። ለዚያችኛዋ ያለብዎትን ዕዳ ግን እኔ በመናደድ ልከፍለው አልችልም፣ እርስዎም ለእኔ በመናዘዝ አይከፍሉትም። አድራሻዋ አለዎት። ሳይሄዱ አይጻፉልኝ። ከሄዱ ይጻፉ።

ሚና

*

ዝወለ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት
ሜይ 19

ውድ ሚና፣

ሄጃለሁ። ገና አልደረስኩም፣ ግን መንገድ ላይ ነኝና ይህን እንድጽፍ እንደምትፈቅጂልኝ ተስፋ አለኝ።

ጉዞው ሦስት ጊዜ ባቡር ያስቀይራል። ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ትኬት ቆራጩ «እማማ፣ ለመቆም ዋጋ አንቀንስም» አለኝ።

ማክሰኞ ደወልኩላት። ቁጥሩን አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነበር። ያነሳችው እሷ ናት፤ ንግግሯ ፍጹም የዚያ አገር ሰው ሆኗል፣ ከኋላዋ ልብስ ማጠቢያ ይጮኻል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ማጠቢያውን ስታጠፋው ሰማሁ። ከዚያ ዘጋችው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላወርድ ስል፦

«ሁለት ሳምንት ብለውኝ ነበር» አለች።

ይህን ለአንቺ አልጻፍኩልሽም፣ ሚና። ሁሉን ጻፍኩ ብዬ ይህን ደብቄያለሁ። ለሁለት ሳምንት እንግድነት ነው የምትሄጂው አልኳት። እንዳትጮህ። እንድታምነኝም ሻንጣዋን ትንሽ አደረግሁት። እሷም አባትሽ መኪናውን ሲያስነሳ በመስኮቱ ሁለት ጣቷን አሳየችኝ፣ ሁለት ማለቷ ነው፤ እኔም ሁለት ጣቴን አሳየኋት።

ስልኩ ላይ «አዎ፣ ብዬሽ ነበር» አልኳት። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ ትንሽ ሆኖ አፌ ውስጥ ቀረ። ለምን አሁን ስትለኝ ስለ አንቺ ነገርኳት፣ ስሟንም እንደያዝሽ። «እሷም?» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያም ዓርብ፣ ማለት ዛሬ፣ ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ እንዳላት፣ ልጆቹ እንዲያዩኝ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ተገቢ ነው። ምን ብዬ ልጥራሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«ሲመጡ ይጠይቁኝ» አለች።

እዚህ የደረስኩት በአራት ሰዓት ነው። ወደ እሷ የሚሄደው አውቶቡስ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳል። ሁለቱን አሳልፌያለሁ። አንደኛው ሲመጣ ይህን ደብዳቤ ስላልጨረስኩ ነው አልኩ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ምክንያት አልነበረኝም። አግዳሚው ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ እኔ በዙሪያው እሄዳለሁ፣ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እሄዳለሁ። አንዲት ልጅ እናቷን «ሴትዮዋ ምን ጠፍቷት ነው?» ስትል ሰማኋት።

ሦስተኛው ቆሟል። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። «እናቴ፣ ይገባሉ ወይስ እዚሁ ያድራሉ?» ይላል።

እገባለሁ።